ጥቁሩ ቀለበት

ማቀዝቀዣውን የሚያሠራው ኢንቨርተር እየጋለ ስለጠፋ የገሳይ ጤና ኬላ ክትባት በሙሉ ተበላሸ። ቴክኒሻኗ ከዚያ የተመለሰውን ኢንቨርተር ደብረ ታቦር ወርክሾፕ ውስጥ ስትከፍተው፣ ራሷ ሽቦ የጠመጠመችበት ሸክላ የሚመስለው ጥቁር የፌራይት ቀለበት አልነበረም። በቦታው የአሮጌ ትራንስፎርመር ብረት ገብቷል። አብርታው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ብትነካው ጣቷን ፈጃት።

«ቀለበቱን ማን አወጣው፣ ጋሼ?» ስትል ኃላፊዋን ጠየቀቻቸው።

«እኔ ነኝ። ገል ኤሌክትሪክ ላይ ምን ይሠራል? ጠንካራ ብረት ተካሁልሽ።»

«ገል አይደለም! እንዲህ በፍጥነት የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ብረትን ያግለዋል፤ ፌራይቱን ግን አያግለውም። ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?»

«ሠላሳ ዓመት ሠርቼ አንቺን ልጠይቅ?» ብለው ወረቀት ገፉላት። ጥፋቱ የእሷ ነው ተብሎ ተጽፏል፤ የቀረው ፊርማዋ ነበር።

ማብሪያውን ሳታጠፋ ወረቀቱን በጋለው ብረት ላይ አነጠፈችው። ስሟ ያለበት መስመር መጨስ ሲጀምር ወጥታ በሩን ዘጋችው።