መቶ አርባ ስድስት ፌሮ

አቶ ታረቀኝ ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከወሎ በሰፈራ መጥተው ባምባሲ ሲገቡ ባዶ እጃቸውን ነበሩ፤ ዛሬ ሁለት ወፍጮ አላቸው። ልጃቸው ምንይችል ግን «አባዬ፣ ደክመዋል፤ የወፍጮዎቹን ቁልፍ ይስጡኝና ይረፉ» ማለት ከጀመረ ሰነባብቷል።

«መድከም አለመድከሜን አለቱ ይፍረድ!» አሉት በመጨረሻ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው አለት ላይ ለጎብኚ ተብሎ ፌሮ እንደ መሰላል ተተክሏል፤ ከጎኑ የብረት ገመድ ተወጥሯል። አቶ ታረቀኝ ጫፍ ከደረሱ ቁልፉ ከኪሳቸው አይወጣም። ከመንገድ ከተመለሱ የምንይችል ነው።

ትኬት ቆራጯ ሐሴት ሄልሜትና ቀበቶ ሰጠቻቸው።

«መንጠቆው ሁለት ነው፤ አንዱ ገመዱን ሳይዝ ሌላው አይፈታም። ፌሮው መቶ አርባ ስድስት ነው። አስጎብኚው ከሥር ይጠብቅዎታል።»

ከሥር ሄልሜት ያጠለቀ አንድ ወጣት ተቀምጧል። ሲያያቸው ብድግ አለ።

«ኻሚስ እባላለሁ አባባ። እርስዎን ስጠብቅ ነበር።»

«ታረቀኝ። በል እንጀምር!»

«መጀመሪያ አስተሳሰሩን እስቲ ያሳዩኝ።»

ሊፈትነኝ ነው፣ አሉ በሆዳቸው። ሐሴት እንዳለችው አሰሩ። ኻሚስ ትክ ብሎ አይቶ የራሱንም አሰረና «ይቅደሙ» አለ።

ታላቅ መቅደሙ ደንብ ነው። ደግሞም ብወድቅ ከኋላ ሊይዘኝ ነው ብለው ወጡ።

ሠላሳኛው ፌሮ ላይ፣ «አባባ፣ አልደከመዎትም?»

«ገና ምኑ ተነካና!»

ሰባኛው ላይ፣ «ነፋሱ በረታ። ብንመለስ አይሻልም?»

አቶ ታረቀኝ ነቁ። ይሄ የምንይችል ሥራ ነው! ቀድሞ መጥቶ አስጎብኚውን አባብሎታል።

መቶኛው ላይ ኻሚስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወላሂ፣ ለማንም አልናገርም፤ እንመለስ» ሲል ጥርጣሬያቸው አለቀ።

«አርባ ስድስት ቀርቶን? ዝም ብለህ ውጣ!»

በእልህ ብቻ ጫፍ ደረሱ። በደረታቸው ተኝተው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ስልካቸውን አወጡ።

«ምንይችል! ቁልፉ እኔው ጋ ነው!»

ከዚያ ወደ ኻሚስ ዞሩ።

«በል አሁን እውነቱን አውጣ። እንድታስመልሰኝ የላከህ ልጄ ነው አይደል?»

«ኧረ ልጅዎን አላውቀውም» አለ ኻሚስ፣ ላቡን እየጠረገ፤ «አስጎብኚው እርስዎ አይደሉም እንዴ?»