የአሳንሰሩ ልክ

የሽማግሌው ሚስት የሬሳ ሳጥን ከአሥራ አራተኛው ፎቅ አሳንሰር ውስጥ አልገባ አለ፤ በርዝመቱ ሁለት ስንዝር ተረፈ። ውጭ የእንግሊዝ ዝናብ አላባራም።

«ጌታዬ፣ ሌላ መላ የለንም፤ አቁመን ነው የምናወርዳቸው» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ።

ጎረቤታቸው ከበሯ ብቅ አለች። «ይህን የነደፈ ሰው እጁ ይቆረጥ! የማዘጋጃ ቤት ፎቅ ላይ የሚኖር ደሃ አይሞትም ያለው ማን ነው?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አስጠጉ። ንድፉ የእሳቸው ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ የማዘጋጃ ቤቱ አርክቴክት ሳሉ፣ ቦታ ለመቆጠብ አሳንሰሩን ሲያሳጥሩት፣ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊ ቀና ብላ፣ «ሬሳስ በምን ይወርዳል?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

«እኔ ቤት የምሠራው ለሚኖር ሰው ነው፣ እመቤቴ» ብለው ጉባኤውን በሙሉ አሳቁባት።

ጸሐፊዋ አሁን ሳጥኑ ውስጥ ቆማ ትወርዳለች።