ከባሕሩ በፊት በርሜሉ

ደርበው እያሳለ ፊቱን ውሃ ከሞላው በርሜል አወጣ። የመጥለቂያ መነጽሩ አፍንጫውን ሸፍኖት ሳለ አሁንም በአፍንጫው ሊተነፍስ ሞክሮ ነበር።

«ምን ላድርግ? ተራራ ስንወጣ ቱሪስቶቼን ‹አፋችሁን ዝጉ፣ በአፍንጫችሁ ተንፍሱ› እያልሁ ነው የኖርሁ።»

«እዚህ ደባርቅ፣ ግቢያችን ውስጥ ካልቻልህ፣ ነገ ዛንዚባር ሄዶ ባሕር ውስጥ ዓሣ ማየት የሚባል የለም» አለች ሚስቱ ኮከብ። «ጉዞው ርካሽ ነው ተብሎ ባሌን ለዓሣ አልሰጥም!»

የመተንፈሻ ቱቦውን ነክሶ እንደገና ፊቱን ነከረ። ኮከብ መዳፏን ከውሃው በላይ በቀረው የቱቦው ጫፍ ላይ ዘረጋች። ምንም አልተሰማትም። ውሃው ረግቷል፤ የደርበው ጣቶች የበርሜሉን ከንፈር ጨምድደው ይዘዋል። ኮሌታውን ይዛ ልትጎትተው ስትል ሙቅ ትንፋሽ መዳፏን ነካት። ቆየት ብሎ ሌላ መጣ፤ ጣቶቹም ላሉ።

«በቃ ውጣ» አለች ጀርባውን መታ መታ አድርጋ። «ተራው የእኔ ነው።»