ብስክሌት የማትችለዋ ፋርማሲስት

«ቁልቁል አይዩ እትዬ! መሬቱ የትም አይሄድም!» አለች ልጅቷ፣ ኮርቻውን ከኋላ በሁለት እጇ ጨብጣ እየሮጠች።

ፋርማሲስቷ ግን ዓይኗን መንቀል አቃታት። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የረገጠችው መሬት ከብስክሌት ላይ ሆና ስታየው ገደል መሰላት። መሪው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ ተወላገደ።

«ኧረ ልጄ፣ እንዳትለቂኝ! በእናትሽ!»

«አልለቀቅኩም እኮ!»

ጣጣውን ያመጣው የገዛ አፏ ነው። የሰፈሩ ወጣት ማዕከል ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆች ጋር የሚውሉ በጎ ፈቃደኞች ሲፈልግ ተመዘገበች፤ ይህችን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሰጧት። ሰፈሩ «ጥይት» ይላታል፣ ስትሮጥ የሚደርስባት ስለሌለ። ጥይት ግን ሁለት ቅዳሜ ሙሉ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች፤ ለተጠየቀችው ሁሉ መልሷ ትከሻዋን መነቅነቅ ብቻ ነበር። ዛሬ ፋርማሲስቷ የምትለው ቢጠፋት፣ በመስኮቱ ግቢው ውስጥ የቆመ ብስክሌት አየችና፣ «እኔ እኮ ይህን ነገር አልችልበትም» አለች።

ልጅቷ ቀና አለች። «እርስዎ? ይህን ያህል ትልቅ ሆነው?» ብላ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሳች።

አሁን መረብ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ሳይቀሩ ኳሳቸውን ይዘው ቆመው ያያሉ። ፋርማሲስቷን እንደ ማፈርም፣ እንደ እልህም አደረጋትና ፔዳሉን ጠበቅ አድርጋ ረገጠችው። ብስክሌቱ ከልጅቷ እጅ አመለጠ። መሪው ዞረ፣ ሰማዩ ዞረ፣ ሴትዮዋ ሲሚንቶው ላይ በጎኗ ዘፍ አለች።



ልጅቷ ፊቷ አመድ መስሎ ደረሰች። የተቀደደውን ሱሪ አየች፤ የተላጠውን መዳፍ አየች። ከዚያ ብስክሌቱን አንስታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ወደ ግድግዳው ትገፋው ጀመር።

«ወዴት ነው?»

«ልመልሰው። ከእንግዲህ አይመጡም አይደል?» አለች ሳትዞር። «ምንም አይደለም። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሰውዬ ሥራ በዛብኝ ብለው ቀሩ። ከሳቸው በፊት የነበረችዋ ደግሞ ምንም አላለችም፤ ዝም ብላ ነው የቀረችው።»

ፋርማሲስቷ አንድ ደህና ነገር ልትላት አሰበች። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው ሳቅ ነው። እዚያው እንደተዘረጋች ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«እስኪ ንገሪኝ፣ እንዴት ነበር የወደቅኩት? እኔ አላየሁትም!»

ልጅቷ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች። «እንደ… እንደ ድንች ጆንያ» አለች። ከዚያ ሳቁ አሸነፋት፤ ብስክሌቱ ላይ ተደግፋ እስክታነባ ድረስ ሳቀች።

«በይ መልሰሽ አምጪው» አለች ፋርማሲስቷ እየተነሳች። «የቁስሉን ነገር ለኔ ተይው፣ እንጀራዬ ነው። የብስክሌቱን አንቺ እወቂበት።»

መዳፏን የግቢው ቧንቧ ስር ታጠበች፤ በመሐረብ ጠቀለለችው፤ ብስክሌቱ ላይ ወጣች። ወደቀች፤ ወጣች። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ከበሩ እስከ ቧንቧው ድረስ፣ መጥኔ የሚያሰኝ ጩኸት እየጮኸች፣ ያለ ደጋፊ ነዳች። ኳስ ተጫዋቾቹ አጨበጨቡ።

ሊወጡ ሲሉ የማዕከሉ አስተባባሪ የሳምንቱን ቅጽ ዘረጋላቸው። «የዛሬው ውሎ» የሚለውን ቦታ እስካሁን የምትሞላው ፋርማሲስቷ ነበረች። ዛሬ ልጅቷ እስክሪብቶውን ቀደመቻት፤ እንደ ፈተና ወረቀት በክንዷ ከልላ ጻፈችና ወደሷ ገፋችው።

«ጎበዝ ናቸው። ግን ሲነዱ ይጮኻሉ። ፍሬን መያዝ አያውቁም። ገና ብዙ ቅዳሜ ይቀራቸዋል።»

ፋርማሲስቷ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ እስክሪብቶውን በሚያቃጥላት እጇ ተቀብላ፣ «ተማሪ» ብላ ጽፋ ከስሩ ፈረመች።