ሠላሳ ስድስት እጥፍ

የሰው ጉልበት እንደ ኩባንያ አክሲዮን መሸጥ ከጀመረ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። የአንድን ሰው ድርሻ የገዛ ከገቢው ይካፈላል፤ በሥራው ፍጥነትም ያዝዝበታል።

የደሴዋ ጥልፍ ሠሪ ወይዘሮ የሻረግ የባለቤታቸው የአቶ መሸሻ ተዝካር በወጣ ማግስት፣ ርብቃ የምትባል ወጣት ገማች ውርሱን ልትመዝን ቤታቸው መጣች። ምሳዋን ቆማ እየጎረሰች ሰነዱን ታገላብጣለች።

"ተቀምጠሽ ብዪ እንጂ፣ ልጄ።"

"ባለድርሻዎቼ ደቂቃ ይቆጥሩብኛል፣ እማማ።" ከዚያ ግንባሯን ቋጠረች። "ባለቤትዎ የእርስዎን ድርሻ በሙሉ የገዙት በዓመት ገቢዎ ሠላሳ ስድስት እጥፍ ነው። የጥልፍ ሠሪ ተገቢ ዋጋ ግን ቢበዛ ስምንት እጥፍ ነው። ምን ነካቸው?"

"አንድ ነጋዴም ይፈልገኝ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀሚስ አስጠልፋታለሁ እያለ ዋጋውን ሰቀለው።"

"ታዲያ ለእሱ አይተዉለትም ነበር? ስሌቱን የሚያስረዳቸው ሰው አጡ?"

ወይዘሮ የሻረግ ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቀረረ።

"መሸሻ እኮ ይህንኑ ስሌት በኮሌጅ ሲያስተምር ነው የኖረው።"

የመጨረሻዋ ድርሻ የተገዛችበት ቀን ትዝ አላቸው። አቶ መሸሻ ከአባታቸው የወረሱትን ቤት ሸጠው መጡ። ሚስታቸው ሦስት ወር የደከሙበትን ቀሚስ ከጉልበታቸው ላይ አነሡና ጥልፉን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ "ከእንግዲህ ማንም አያጣድፍሽም፣ የሻዬ። ቀስ ብለሽ ጥለፊ" አሏቸው።