የእስከዳር እርሾ

እስከዳር ማስተማሩን ትታ ዓመታት የደከመችለት ነገር ሻጋታ ነበር። እርጥብ የገብስ ገለባ ላይ ሲዘራ ገለባውን አስተሳስሮ እንደ ጣውላ ያጠነክረዋል። እንዲህ የተሠራው ሰሌዳ እሳት ላይ ከደረቀ በኋላ ለኮርኒስ ይሆናል። «እርሾዬ» ትለዋለች። ያገኘችው ከአሮጌው ቤተ ክርስቲያን የሣር ክዳን ላይ ነው። ክዳኑ በቆርቆሮ ሲለወጥ ሣሩ ተቃጠለ።

ጋሽ ይታየው ከአዲስ አበባ እሷ ወደምትኖርበት ዘመሮ ድረስ የመጡት ፈጠራው ለገበያ ያዋጣ እንደሆነ ሊገመግሙ ነው። ሰሌዳውን ረገጡት፤ ውኃ ውስጥ ነከሩት። ከዚያ ጥያቄያቸው ተለወጠ።

«እርሾው ሌላ ሰው ጋ አለ?»

«የለም።»

«አያያዙን የሚያውቅስ?»

«እኔ ብቻ ነኝ።»

እርሾው ያለበትን ማሰሮ አተኩረው አዩት።

ባሏ ተክለጻድቅ ወደ ጓዳ ጠራት። «ሰሌዳውን ትቶ ስለ እርሾው ነው የሚጠይቅሽ። ወስዶ በራሱ ስም ሊያስመዘግበው ነው።»

ጋሽ ይታየው ሊሄዱ ሲነሡ፣ «ትንሽ ቆንጥረሽ ስጪኝ፤ እኔ ጋ ይቀመጥ» አሏት።

እስከዳር ጓዳ ገብታ ቆየች። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ። በመጨረሻ አንድ ጠርሙስ ይዛ ወጣች።

«ይሞቃል» አሉ ሲቀበሏት።

«ብርድ እንዳይጎዳው ምድጃ ዳር ነው የማኖረው።»

ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ጠፋ። ስልካቸውም አይነሣም። ተክለጻድቅ በየቀኑ «አላልኩሽም?» ይላታል።

ክረምቱ ሲገባ ጥቁር ሻጋታ ማሰሮውን ወረረው። እስከዳር ያልሞከረችው ነገር የለም። እርሾው ግን ሞተ። ሰው እንደሞተባት አለቀሰች።

ዝናቡ ሲያባራ መኪናዋ ደጃፉ ላይ ቆመች። ጋሽ ይታየው እየሣቁ ወረዱ።

«ያዋጣል! ማምረቻው እዚሁ ዘመሮ ይተከላል። ፈጠራውም በስምሽ ተመዝግቧል። ውጭ አገር ስለነበርኩ ነው ስልክ ያላነሣሁት።»

«ጋሼ፣ እርሾው እኮ ሞተ» አለች እስከዳር።

«አይዞሽ፤ ይኼንን ፈርቼ አይደል የወሰድኩብሽ? ማንም እንዳይነካው በሰም አሽጌ ነው ያስቀመጥኩት።» ጠርሙሱን ከቦርሳቸው አወጡ።

ተክለጻድቅ ተንደርድሮ ጉልበታቸውን ሳመ።

እስከዳር እጇን አልዘረጋችም፤ ያን ዕለት እርሾውን የሰጠቻቸው ቀቅላ ነበር።