ትልልቆቹ የት ገቡ?

«ትልልቆቹን የት ደበቅካቸው?» አለች ዓሣ ጠባሿ ወርቅያንሹ፣ የመጣላትን ዓሣ ከእናቷ በወረሰችው መጥበሻ ላይ አጋድማ እየለካች። ድሮ አንድ የቆሮሶ ዓሣ ብቻውን መጥበሻውን ሞልቶ ጅራቱ ከጠርዙ ያልፍ ነበር። የዛሬው መዳፏን እንኳ አያህልም።

አጥማጁ ጉደታ ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠ። «እትዬ፣ ትልልቅ የሚባል የለም። ማሽኑን አንቺም ታይው የለ?»

ማሽኑንማ የማያውቀው የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ ነጂ ሐይቁን እያሰሰ፣ ከመዳፍ የሚበልጠውን ዓሣ ሁሉ ለቅሞ ለውጭ ገበያ ይወስዳል። ለአገሬው የተፈቀደው ከዚያ የሚያንሰው ብቻ ነው።

ወርቅያንሹ ግን አልተዋጠላትም። ይሄ ሰውዬ ያደገውን በጓሮ ለሆቴሎች እየሸጠ ጫጩቱን ለእሷ እንደሚያመጣ ጠርጥራለች። ለጎረቤቶቿም «ጉደታ ሌባ ነው» ብላ ነግራለች።

«ጫጩት እያጠመድክ ዘሩን ልታጠፋው ነው!» አለችና ልታሳፍረው አንዱን አንስታ ሆዱን በቢላዋ ሰነጠቀችው።

ቢጫ እንቁላል ተዘረገፈ።

ሁለተኛውን ቀደደች። ሦስተኛውንም። ሁሉም ለመውለድ የደረሱ እናቶች ነበሩ።

«ያደገውማ ሳይወልድ በማሽኑ ተይዞ አለቀ» አለ ጉደታ ቀስ ብሎ። «የተረፉት ትንንሽ ሳሉ የወለዱት ናቸው። ልጆቻቸውም በእነሱ ወጡ። ከዚህ በላይ አያድጉም።»

ወርቅያንሹ እጇን ሳትታጠብ ዓሣውን ከእናቷ መጥበሻ ላይ አነሳች። ከዚያ ቀና አለች።

«ምነው ሌባ በሆንክልኝ» አለችው።